ካትሪን ቢቸር፦ የመምህራንን ጤና የትምህርት ቤት ጉዳይ ያደረገች መምህርት



በእኛ ዘንድ ስለ መምህር ሲነሳ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ምሳሌ ሻማ ነው። መምህር እንደ ሻማ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል እንላለን። ምሳሌው በበጎ ልብ የተነገረና የመምህርን ድካም የሚያከብር ነው። ይሁን እንጂ ቀልጦ ያለቀ ሻማ ለማንም አያበራም። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ታሪኳን ላካፍላችሁ የመረጥኳት ሰው ይህንን ከ200 ዓመት ገደማ በፊት በራሷ አካል ያየች፣ ከዚያም ረጅም ዕድሜዋን የመምህርና የተማሪ ጤና እንዲጠበቅ ስትታገል የኖረች መምህርትና ርዕሰ መምህርት ናት።

ስሟ ካትሪን ቢቸር ይባላል። ብዙዎቻችን በአሜሪካ የነበረውን ባርነት የሚያጋልጠውን የአጎቴ ቶም ጎጆ የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈችውን ሃሪየት ቢቸር ስቶውን በስም እናውቃታለን። ካትሪን የሃሪየት ታላቅ እህት ናት። ሃሪየትን በትምህርት ቤቷ ተቀብላ ያስተማረቻት፣ በኋላም ከጎኗ መምህርት ያደረገቻት እሷ ነበረች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቃችሁ።

ልጅነቷና የደረሰባት ሐዘን

ካትሪን ሴፕቴምበር 6 ቀን 1800 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ በምትገኘው ኢስት ሃምፕተን ተወለደች። አባቷ ሊማን ቢቸር በዘመናቸው እጅግ የታወቁ ሰባኪ ነበሩ። ከሁለት ሚስቶቻቸው 13 ልጆች የወለዱ ሲሆን ካትሪን የሁሉም ታላቅ ነበረች። ቤተሰቡ በ1810 በኮነቲከት ግዛት ወደምትገኘው ሊችፊልድ ተዛወረ። በከተማዋ መምህርት ሣራ ፒርስ የከፈቱት የታወቀ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ስለነበረ ካትሪን እዚያ ገባች።

በ1816፣ ገና 16 ዓመት እንደሞላት፣ እናቷ ሮክሳና አረፉ። የመጀመሪያ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ በእኛም ቤት የታወቀ ነው። ካትሪን ትምህርቷን ትታ ታናናሾቿን መንከባከብና ቤቱን ማስተዳደር ጀመረች። አባቷ በማግሥቱ ዓመት ሌላ ሚስት ሲያገቡ ሸክሙ ጥቂት ቀለለላት። በ1821 ደግሞ ኒው ለንደን ወደተባለች ከተማ ሄዳ በመምህርነት ሥራ ጀመረች።

በ1822 መጀመሪያ ላይ አሌክሳንደር ፊሸር ለተባለ፣ በዬል ኮሌጅ የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ፕሮፌሰር ለነበረ ወጣት ምሁር ታጨች። ፊሸር በዚያው ዓመት ለትምህርት ጉዞ ወደ አውሮፓ ሲያመራ የተሳፈረባት አልቢዮን የተባለች መርከብ በአየርላንድ የባሕር ጠረፍ ተሰብራ ሰጠመች። ፊሸርም ሞተ። ካትሪን ከዚያ በኋላ አላገባችም።

ከአደጋው በኋላ ወደ ፊሸር ወላጆች ቤት ሄዳ ጥቂት ጊዜ ተቀመጠች። እዚያ ታናናሽ ወንድምና እህቶቹን እያስተማረች፣ እሱ ትቷቸው የሄደውን የሒሳብና የሳይንስ ጽሑፎች አጠናች። በዘመኑ ለሴት ልጅ ሒሳብ ከመደመርና ከመቀነስ ብዙም ያለፈ አልነበረም። ካትሪን ከዚያ ቤት ስትወጣ የወደፊት ሕይወቷ ምን እንደሚሆን ወስና ነበር። ለሴቶች እውነተኛ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ለመክፈት ቆረጠች።

ከሰባት ተማሪዎች የተጀመረ ትምህርት ቤት

በ1823 ካትሪን ከእህቷ ከሜሪ ጋር በኮነቲከት ዋና ከተማ በሃርትፎርድ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ቦታው የፈረስ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ተማሪዎቹም ሰባት ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጆች ይሰጥ የነበረው ትምህርት ባመዛኙ ጥልፍ፣ ሥዕልና ሙዚቃ ነበር። ካትሪን ግን ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ላቲን፣ የተፈጥሮ ሳይንስና የሥነ ምግባር ፍልስፍና እንዲሰጥ አደረገች። ላቲንን ራሷ አጥብቃ የተማረችው አልነበረም። ከወንድሟ ከኤድዋርድ እየተማረች፣ የተማረችውን ወዲያው ለተማሪዎቿ ታስተምር ነበር።

ወሬው በፍጥነት ተሰማ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተማሪዎቹ ቁጥር ወደ 100 ተጠጋ። ትምህርት ቤቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወዳለ አዳራሽ ተዛወረ። እስቲ ያንን አዳራሽ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። አንድ ክፍል፣ ሁለት መምህራን፣ ወደ 100 የሚጠጉ ልጆች፣ በየዕድሜያቸውና በየደረጃቸው የሚሰጡ ብዙ የትምህርት ዓይነቶች። ለአንድ የትምህርት ዓይነት የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። መምህርቷ አንዱን ቡድን ሳታዳርስ ሌላው ይጠብቃታል። ጥያቄ የነበራት ተማሪ ሳትመለስላት ቀኑ ያልቃል። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ ከ200 ዓመት በፊት የሆነ ነገር እንደማይመስላቸው እርግጠኛ ነኝ።

ካትሪን ችግሩን በትዕግሥት ብቻ ለመሸከም አልፈለገችም። የከተማዋን ታዋቂ ሰዎች እየዞረች ለአዲስ ሕንፃ አክሲዮን እንዲገዙ ጠየቀች። አንዳንዶቹ ዕቅዱ ለሴቶች ትምህርት ቤት ከመጠን በላይ የተጋነነ ነው አሉ። እሷ ግን የከተማዋን ሴቶች ከጎኗ አሰልፋ ገንዘቡን አሰባሰበች። በ1827 ትልቅ አዳራሽና በርካታ የመማሪያ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ተከፈተ። የመምህራኑ ቁጥር ጨምሮ ስምንት ደረሰ። ሁሉም ሁሉን ማስተማሩ ቀረና እያንዳንዷ መምህርት አንድ ወይም ሁለት የትምህርት ዓይነት ብቻ እንድትይዝ ተደረገ። ዛሬ ሁላችንም እንደ ተራ ነገር የምናየው የሥራ ክፍፍል ያኔ ለሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ ነገር ነበር። በ1829 ይህንኑ አሠራር የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትማ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አሰራጨች።

ድካሙ ሲበረታ

የመምህራኑ ሸክም ሲቀልል የርዕሰ መምህርቷ ሸክም ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ሄደ። ታስተምራለች፤ መምህራንን ትቆጣጠራለች፤ ከወላጆች ጋር ደብዳቤ ትጻጻፋለች፤ ገንዘብ ታሰባስባለች፤ የመማሪያ መጽሐፍ ታዘጋጃለች፤ የተማሪዎቹን ሥነ ምግባርና መንፈሳዊ ሕይወትም ትከታተላለች። በ1829 ይህን ሥራ የምትካፈላት ተባባሪ ርዕሰ መምህርት ለማግኘት ፈለገች። ዚልፓ ግራንት የተባለች የታወቀች መምህርት እንድትመጣ አጥብቃ ለመነቻት። ግራንት ግን አልተቀበለችም። ለትምህርት ቤቱ ቋሚ ሀብት ለማሰባሰብና የተማሪዎች መኖሪያ ለመሥራት ያቀረበችው ዕቅድም በቂ ደጋፊ አላገኘም።

በዚሁ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ቼሮኪ የተባሉትን ነባር ሕዝቦች ከምድራቸው ለማፈናቀል ይዘጋጅ ነበር። ካትሪን ይህን በመቃወም የአገሪቱ ሴቶች ለምክር ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርቡ የሚጠይቅ ጽሑፍ ስሟን ሳትገልጽ አዘጋጅታ አሰራጨች። ይህንን ሁሉ ያደረገችው የትምህርት ቤቱን ሥራ ሳታቋርጥ ነበር። በመጨረሻ አካሏም አእምሮዋም እምቢ አላት። ምንም ዓይነት ሥራ መሸከም እስኪያቅታት ድረስ ተዳክማ ትምህርት ቤቱን ትታ ለማረፍ ሄደች። በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤቱን ከሌሎቹ መምህራን ጋር ሆና የመራችው የ18 ዓመቷ ሃሪየት ነበረች።

የዛሬው ሳይንስ ለዚህ ዓይነቱ ድካም ስም አውጥቶለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መግለጫ በሥራ ቦታ የሚደርስ የተራዘመ ጫና መፍትሔ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ መዛል መሆኑን አስረድቷል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አቅም ተሟጦ ማለቅ ነው። ሁለተኛው ከሥራው በሐሳብ መራቅ፣ ሥራውን መጥላትና ተስፋ መቁረጥ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሚሠሩት ሥራ ውጤት የለውም ብሎ ማሰብ ነው። ድርጅቱ ይህንን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል እንጂ በበሽታነት አልመደበውም። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። መንስኤው በመምህሩ ሰውነት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሥራው አደረጃጀት ውስጥ ይገኛል ማለት ነውና።

ካትሪን በ1831 ሃርትፎርድን ለቀቀች። ትምህርት ቤቱ በሌሎች እጅ ቀጠለ።

እጅን ማንሳት፣ ትከሻን ማላላት

ካትሪን ገና በሃርትፎርድ ሳለች አንድ ነገር ትኩረቷን ስቦት ነበር። አንዲት እንግሊዛዊት ሴት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥታ የሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርት ሰጠች። ሴትዮዋ የጀርባ አጥንቷ ተጣሞ እንደነበረና በእንቅስቃሴ እንደተሻላት ትናገር ነበር። ካትሪን ይህን ካየች በኋላ እንቅስቃሴውን በሙዚቃ እያስደገፈች ለመላው ትምህርት ቤት አስገባችው። እንቅስቃሴው ካሊስቴኒክስ ይባላል። ቃሉ ውበትና ብርታት ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

የካትሪን እንቅስቃሴ ውድ መሣሪያም ሆነ ሰፊ ሜዳ አይጠይቅም። እጅን ወደ ላይና ወደ ጎን መዘርጋት፣ ትከሻን ወደ ኋላ መሳብ፣ ወገብን ማዞር፣ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት፣ በምት መራመድ ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ በቡድን ሊሠራ ይችላል። ስትሠራ መስኮት ይከፈታል፤ ንጹሕ አየር ይገባል። በዚያ ዘመን ሴቶች ወገባቸውን አጥብቆ የሚያስር ኮርሴት የሚባል ልብስ ይለብሱ ስለነበር መተንፈስ እንኳ ያስቸግራቸው ነበር። ካትሪን ይህን ልብስ ዕድሜዋን ሙሉ ተቃወመች።

በ1832 ከአባቷ ጋር በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ሲንሲናቲ ሄደች። በማግሥቱ ዓመት እዚያም የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህኛው ግን በገንዘብ እጥረትና በከተማው ሰዎች ድጋፍ ማጣት ምክንያት በ1837 ተዘጋ። ካትሪን ከዚያ በኋላ ዋና ሥራዋን መጻፍና እየተዘዋወሩ ማስተማር አደረገች።

በ1841 ስለ ቤት አያያዝ የሚያስተምር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ ስለ ምግብ ማብሰልና ስለ ልብስ ማጠብ ብቻ የሚያወራ እንዳይመስላችሁ። አጥንት፣ ጡንቻ፣ የደም ዝውውርና የምግብ መፈጨት በሥዕል ተደግፈው ተብራርተውበታል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ አእምሮ ጤና ምዕራፎች አሉት። እናትም ሆነች መምህርት የሰውነቷን አሠራር ሳታውቅ ጤናዋን ልትጠብቅ አትችልም የሚል እምነት ነበራት። መጽሐፉ ለ15 ዓመታት ያህል ደጋግሞ ታተመ፤ በትምህርት ቤቶችም መማሪያ ሆነ። ካትሪን በዚሁ መጽሐፍ ሻይና ቡና እንዲቀሩ መምከሯንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። በዚህ በኩል የእኛ መምህራን ክፍል እንደማይከተላት እገምታለሁ። የሐሳቧ ፍሬ ግን ሊጤን ይገባዋል። የደከመን ሰውነት በሚያነቃቃ ነገር እየቀሰቀሱ መግፋት ዕረፍትን አይተካም ማለቷ ነበር።

ወደ ምዕራብ የተላኩት መምህራን

በ1840ዎቹ ብዙ ቤተሰቦች ወደ አሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች እየፈለሱ ነበር። ልጆች ነበሩ፤ መምህር ግን አልነበረም። ካትሪን ከከተማ ከተማ እየዞረች፣ የተማሩ ወጣት ሴቶች ወደ ምዕራብ ሄደው እንዲያስተምሩ ቀሰቀሰች። በዚህ ጥረት የቬርሞንት ግዛት አስተዳዳሪ የነበሩት ዊልያም ስሌድ የሚመሩት ድርጅት ተቋቋመ። በ1847 የመጀመሪያዎቹ መምህራን አጭር ሥልጠና ወስደው ተላኩ። ድርጅቱ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 600 የሚጠጉ መምህራንን ወደ ምዕራብ ልኳል።

ከነዚህ ወጣቶች የሚመጡት ደብዳቤዎች ካትሪንን አሳሰቧት። አብዛኞቹ ከቤተሰቦቻቸው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀው፣ ከግንድ በተሠሩ ጎጆዎች ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ፊደል የሚቆጥሩና ጢም ያበቀሉ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። መጽሐፍ የለም። መምህርቷ የራሷ መኖሪያ ስለሌላት በተማሪዎቿ ወላጆች ቤት እየተዘዋወረች ትኖራለች፤ አንዳንዴም ቤተሰቡ በሙሉ በሚተኛበት አንድ ክፍል ውስጥ ታድራለች። በወባ መሰል ትኩሳት ስትታመም የሚያስታምማት አይገኝም።

ካትሪን መምህር መላክ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳች። መምህራኑ የሚያርፉበት፣ ሲታመሙ የሚጠለሉበት፣ እርስ በርስ የሚመካከሩበት ቤት ሊኖራቸው ይገባል አለች። በዚህና በሌሎች ጉዳዮች ከስሌድ ጋር ስላልተስማማች ከድርጅቱ ወጣች። በ1852 ሌላ ማኅበር አቋቁማ ዕቅዷን በሌላ መንገድ ለመፈጸም ሞከረች።

ዕቅዱ በደንብ የታየው በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ ከተማ በተቋቋመው የሴቶች ኮሌጅ ነው። በካትሪን ዕቅድ መሠረት በኮሌጁ ውስጥ ሁሉን የሚሸከም አንድ ርዕሰ መምህር አልነበረም። መምህራኑ በማዕረግ እኩል ሆነው እያንዳንዷ የራሷን የትምህርት ክፍል በኃላፊነት ትመራለች። አንዷ ብትታመም ወይም ብትሄድ ኮሌጁ አይናጋም። ከ20 ዓመት በፊት በሃርትፎርድ አንድ ሰው ላይ የተከመረው ሸክም እዚህ በሥርዓት ተከፋፈለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውን ብሂላችንን ካትሪን አታውቀውም ነበር፤ ሐሳቡን ግን በኮሌጅ አደረጃጀት ላይ አውላዋለች። ኮሌጁ ስሙንና ቅርጹን እየቀያየረ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን በ1964 ሎውረንስ ከተባለው ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ።

ጤናን እንደ አገር ጉዳይ

ካትሪን ከሃርትፎርዱ ድካም በኋላ ሙሉ ጤንነቷ የተመለሰላት ሴት አልነበረችም። በዘመኑ በውኃ ሕክምና የታወቁ ቦታዎችን እየዞረች ታክማለች። በየቦታው ያገኘቻቸው ብዙ ሴቶች፣ በተለይም መምህራንና እናቶች፣ ተመሳሳይ ታሪክ ነገሯት። ስለዚህ ለማጣራት ተነሳች። የምታገኛቸውን ሴቶች በሚኖሩበት ከተማ በደንብ የሚያውቋቸውን አሥር ያገቡ ሴቶች እንዲያስቡና የእያንዳንዷን የጤና ሁኔታ እንዲጽፉላት ጠየቀች። ከብዙ ከተሞች መልስ ተሰበሰበ። ጤነኛ የተባሉት ሴቶች ጥቂት ብቻ መሆናቸውን አገኘች። ዛሬ እንደምናውቀው ዓይነት የጥናት ዘዴ ባይሆንም፣ በዚያ ዘመን ስለ ሴቶች ጤና ሰውን ጠይቆ መረጃ መሰብሰብ ራሱ ያልተለመደ ነበር። ውጤቱን በ1855 ለሕዝብ በጻፈችው መጽሐፍ ይፋ አደረገች። በማግሥቱ ዓመትም ለትምህርት ቤቶችና ለቤተሰቦች የሚሆን የሰውነት አሠራርና የእንቅስቃሴ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመች። ትምህርት ቤቶች ልጅን ለብዙ ሰዓት አስቀምጠው አእምሮውን ብቻ ሲያሠሩ ሰውነቱ እንደሚዳከም፣ የሰውነት እንቅስቃሴም እንደ ንባብና እንደ ሒሳብ ቋሚ ሰዓት ሊኖረው እንደሚገባ አስረዳች።

የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ ጉድለቱንም መተው ተገቢ አይደለም። ካትሪን ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚታገሉትን ተቃወመች። የሴት ሥልጣን በቤትና በትምህርት ቤት ይበቃል የሚል አቋም ነበራት። በዚህም ከገዛ እህቷ ከኢዛቤላ ጋር ሳይቀር ተለያየች። በመምህራን ጉዳይ ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠርታለች። ሴቶች በአስተማሪነት እንዲቀጠሩ ስትከራከር፣ ሴቶች ከወንዶች ባነሰ ደመወዝ እንደሚያስተምሩ እንደ አንድ ጥቅም አቅርባለች። ክርክሩ ብዙ ሴቶችን ወደ ሥራው አስገብቷል። ነገር ግን መምህርነት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆኖ እንዲቀር የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። የመምህርን ድካም ለማቅለል ዕድሜዋን የሰጠች ሴት የኑሮ ጭንቀትም የድካም አንዱ ምክንያት መሆኑን በዚህ ክርክሯ ሳታየው ቀርታለች።

ካትሪን የራሷ የሆነ ቋሚ ቤት አልነበራትም። ከወንድም ወደ እህት፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረች ኖረች። በ1869 ከሃሪየት ጋር ሆና ስለ ቤት አያያዝ አዲስ መጽሐፍ አሳተመች። በ1870 ዓመት፣ ዕድሜዋ 70 ሲደርስ፣ ወደ ሃርትፎርድ ትምህርት ቤት ተመልሳ ለአጭር ጊዜ መራችው። በ1874 የትምህርት ሥራ ትዝታዎቿን ጻፈች። በመጨረሻም በኒው ዮርክ ግዛት በኤልማይራ ከተማ ሰባኪ በነበረው በወንድሟ በቶማስ ቤት ተቀመጠች። እዚያም ሜይ 12 ቀን 1878 በ77 ዓመቷ አረፈች።

ለእኛ ትምህርት ቤት የሚሆነው

የካትሪንን ታሪክ ለዚህ መጽሔት የመረጥኩት አንድ ግልጽ ትምህርት ስላለው ነው። የመምህርን ጤና የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው፤ ሁለተኛው ሸክምን መካፈል ነው። ካትሪን ሁለቱንም ትሰብክ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ሥራ ጫና ሲወራ የመጀመሪያው ብቻ ይጠቀሳል። መምህሩን ስፖርት ሥራ፣ ውኃ ጠጣ፣ በጊዜ ተኛ ብለን እንመክረዋለን። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁንና አንድ መምህር በሳምንት ከሚችለው በላይ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት፣ የበርካታ ክፍሎችን ደብተር ማታ ቤቱ ወስዶ እያረመ፣ እኩለ ሌሊት ድረስ የወላጅ መልእክት እየመለሰ ስፖርት እንዲሠራ መምከር ብቻውን ምን ይጠቅመዋል? ስፖርት የሚሠራበትንም ሰዓት የምንወስድበት እኛው ነን።

በሌላ በኩል ሸክም ቢቀልልም ሰውነት ካልተንቀሳቀሰ ጤና አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ፈጠን ብሎ መራመድ ከመካከለኛ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ነው። ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ ወርዶ በእግር መምጣት የዚህን የተወሰነ ክፍል ይሸፍናል። እንቅስቃሴ እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ጭንቀትንና የመንፈስ ድብርትን ይቀንሳል፤ ልብንና የደም ሥርን ይጠብቃል።

ስለዚህ በመጪው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ለመምህራን ስብሰባና ለወላጆች ኮሚቴ የማቀርባቸው ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ተማሪውም መምህሩም በአንድነት የሚሠሩት የአሥር ደቂቃ እንቅስቃሴ ይኑረን፤ እኔም በሰልፉ ፊት ቆሜ እሠራለሁ። ሁለተኛ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ በግልጽ ተለጥፎ ሁሉም እንዲያየው ይደረግ፤ አንዱ ተጭኖበት ሌላው ቀልሎት ከሆነ እናስተካክል። ሦስተኛ፣ መምህር ሲታመም ክፍሉን የሚሸፍን ተረኛ አስቀድሞ ይመደብ። ታሞ መቅረት እንደ ጥፋት የሚታይበት ትምህርት ቤት ታሞ የሚያስተምር መምህር ነው የሚያፈራው። አራተኛ፣ ወላጆች በቴሌግራም የምትልኩት መልእክት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከሆነ መልሱን በማግሥቱ እንድትጠብቁ እንስማማ። አስቸኳይ ጉዳይ ካለ ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት መደወል ይቻላል።

ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ሰሌዳ ማጽዳት፣ ደብተር ሰብስቦ ማምጣትና መመለስ፣ ወንበር ማስተካከል፣ መምህር ሲናገር ማዳመጥ ትንሽ ይመስላል። በቀን ስድስት ክፍል ለሚገባ መምህር ግን ትልቅ ዕረፍት ነው። ከእናንተ መካከል ነገ መምህር የምትሆኑም አላችሁ። ያን ጊዜ የምትገቡበት ትምህርት ቤት መምህሩን የሚጠብቅ እንዲሆን ዛሬ እዚሁ እንጀምረው።

 

ርዕሰ መምህር